የዋጋን ሚዛን የፈተነው ሰው፦ የኢርቪንግ ፊሸር ሕይወትና ሥራ

የድልድይ ምሰሶ የሚሸከመውን ጭነት፣ በቦይ የሚያልፈውን ውሃ ወይም የሞተርን ጉልበት መለካት ለመሐንዲስ የዘወትር ሥራ ነው። መለኪያው ይታወቃል፤ የመለኪያው ስሕተት እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስም አስቀድሞ ይታወቃል። የኑሮ ውድነት ግን እንደ እነዚህ በቀላሉ ለመሣሪያ የሚገዛ ነገር አይደለም። የስንዴ ዋጋ ይወጣል፤ የብርድ ልብስ ዋጋ ባለበት ይቆማል፤ የጫማ ዋጋ ይወርዳል፤ የድስት ዋጋ ደግሞ ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ድስቱ ራሱ ይሳሳል። ታዲያ በጠቅላላው ዋጋ ምን ያህል ከፍ አለ? ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የጡረተኛው አበል፣ የአበዳሪውና የተበዳሪው ሂሳብ፣ የሥራ ተቋራጩም ክፍያ ሳይቀር የሚወሰነው በመልሱ ነው።

ይህን ጥያቄ በመሐንዲስ ዐይን ከመረመሩት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር ነው። ፊሸር በዘመኑ የነበሩትን የዋጋ መለኪያ ቀመሮች ሰብስቦ፣ እንደ ብረት ናሙና አንድ በአንድ እየፈተነ፣ የትኛው እንደሚጸናና የትኛው እንደሚሰበር አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሕይወቱ ከሥራው የማያንስ ትምህርት አላት። ሚዛን የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን የሚናገረው በላዩ ስለተቀመጠው ነገር ብቻ መሆኑን፣ ይህ ሰው ሀብቱንና ዝናውን ከፍሎ ተምሮታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ኢርቪንግ ፊሸር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1867 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሶገርቲስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበር። በ1884 ልጁ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲዘጋጅ አባትየው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የ17 ዓመቱ ወጣት እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የመርዳት ኃላፊነት ስለ ወደቀበት፣ ሌሎች ተማሪዎችን በክፍያ እያስጠና ትምህርቱን ቀጠለ። በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ በ1888 ትምህርቱን የጨረሰው ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ነበር።

በዬል ሁለት ታላላቅ መምህራን በአእምሮው ላይ ማኅተማቸውን አሳረፉበት። አንዱ በቴርሞዳይናሚክስ ምርምሩ በዓለም የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ጆሲያ ዊላርድ ጊብስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጥናት መምህሩ ዊሊያም ግራሃም ሰምነር ነበር። ወጣቱ በሒሳብና በምጣኔ ሀብት መካከል ሲያመነታ፣ ሁለቱን አጣምሮ እንዲያጠና የመከረው ሰምነር ነው። በ1891 ያቀረበው የዶክተርነት ጽሑፍ የዋጋንና የገበያን አሠራር በሒሳብ የሚያስረዳ ነበር። ዬል በምጣኔ ሀብት የመጀመሪያውን የዶክተርነት ማዕረግ የሰጠው ለዚህ ሰው ነው።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚማርከው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የተነደፈው መሣሪያ ነው። ፊሸር ገበያን በውሃ ገንዳ መሰለው። በገንዳው ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጋኖች ይንሳፈፋሉ፤ እያንዳንዱ ጋን የአንድን ገዢ የአንድ ዕቃ ፍላጎት ይወክላል፤ ጋኖቹም በዘንጎች እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። አንዱን ሲጫኑት ሌሎቹ ሁሉ ይንቀሳቀሱና አዲስ ሚዛን ላይ ሲደርሱ ይረጋሉ። ይህን መሣሪያ በ1893 በእውን ሠርቶ ለማስተማሪያነት ተጠቀመበት። አንድ ዋጋ ለብቻው እንደማይቆምና የአንዱ መናወጥ ለሁሉ እንደሚተርፍ ለማሳየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም።

በዚያው በ1893 ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደችውን ማርጋሬት ሃዛርድን አገባ። በ1898 ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃ። ነገር ግን በዚያው ዓመት አባቱን የገደለው በሽታ እሱንም ያዘው። ሦስት ዓመት ያህል ሥራውን አቋርጦ በሕክምናና በንጹሕ አየር ቆይቶ ዳነ። ከዚያ በኋላ ስለ ጤና አጠባበቅ ያለማቋረጥ አስተማረ፤ በ1915 ከአንድ ሐኪም ጋር ያዘጋጀው የጤና መጽሐፍም በብዙ ሰው እጅ ገባ። ከዚሁ የጤና ዘመቻ ጎን ለጎን የሰውን ዘር በምርጫ እናሻሽላለን የሚለውን እንቅስቃሴ በብርቱ መደገፉ ግን በታሪኩ ውስጥ የሚኖር ጥቁር ነጥብ ነው። ቁጥርን በጥንቃቄ የሚመረምር አእምሮ በሌላ መስክ ያለ በቂ ምርመራ ሊያምን እንደሚችል ይህ አንድ ምስክር ነው።

ማጠራቀሚያውና ፍሰቱ

ፊሸር በ1906 ስለ ካፒታልና ገቢ ምንነት ያሳተመው መጽሐፍ ለዋጋ ጥናት መሠረት የሆነ ልዩነት ይዟል። ካፒታል ማለት በአንድ ቅጽበት ያለ የሀብት ክምችት ሲሆን፣ ገቢ ማለት ከዚያ ክምችት በጊዜ ውስጥ የሚፈስ አገልግሎት ነው። ይህ የውሃ መሐንዲስ በማጠራቀሚያና በፍሰት መካከል የሚያደርገው ልዩነት ነው። በግድቡ የተከማቸው ውሃ በሜትር ኩብ ይለካል፤ በቦዩ የሚፈሰው ግን በሜትር ኩብ በሴኮንድ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ መሐንዲስ ቦዩን ያበላሻል። በፊሸር አስተሳሰብም ሁለቱን የቀላቀለ የሂሳብ ሰው የኑሮን ወጪ ያዛባል።

ይህ ሐሳብ ይበልጥ የሚፈተነው በቤት ቁሳቁስ ላይ ነው። ዛሬ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች የቤተሰብን ግዢ በአራት ይከፍሉታል፦ ወዲያው የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ከፊል ዘላቂ ዕቃዎች፣ ዘላቂ ዕቃዎችና አገልግሎቶች። እንጀራና ሳሙና ከመጀመሪያው ክፍል ሲሆኑ፣ መኪናና ማቀዝቀዣ ከሦስተኛው ናቸው። ልብስ፣ ጫማ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ፎጣ፣ ብርጭቆ፣ ድስትና ትንንሽ የእጅ መሣሪያዎች በመካከል ይገኛሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላሉ፤ ዋጋቸውም ዕድሜያቸውም ግን ከታላላቆቹ ዕቃዎች ያንሳል።

መካከል ላይ መገኘታቸው ለመለኪያ አስቸጋሪ ያደርጋቸዋል። በመጀመሪያ፣ የሚገዙት አልፎ አልፎ ነው። ዳቦ በየቀኑ ስለሚገዛ የአንድ ወር መዝገብ የቤተሰቡን ፍጆታ ያሳያል። ብርድ ልብስ ግን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ቢገዛ፣ የአንድ ወር መዝገብ ወይ ምንም አያሳይም ወይም ከመጠን ያለፈ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከገበያ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት የተመዘገበው ካፖርት በዚህ ክረምት የለም፤ በቦታው የተሰቀለው ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ስፌትና ሌላ ዋጋ ያለው ነው። ሦስተኛና ዋናው ግን በፊሸር የክምችትና የፍሰት ልዩነት የሚታየው ነው። ገዢው በአንድ ቀን የከፈለው ገንዘብ የሚገዛለት የብዙ ወራት አገልግሎት ነው።

ለምሳሌ ጫማ በ4 ዶላር ይሸጣል፣ ሁለት ዓመትም ያገለግላል እንበል። ነጋዴው ዋጋውን ሳይነካ በአንድ ዓመት የሚበጣጠስ ጫማ ቢያቀርብ፣ በመደብሩ የተለጠፈውን ቁጥር የሚመዘግበው ሰው ምንም ለውጥ አላገኘም ብሎ ይጽፋል። ለባለቤቱ ግን የአንድ ዓመት የጫማ አገልግሎት ከ2 ዶላር ወደ 4 ዶላር ወጥቷል፤ በእጥፍ ተወዷል ማለት ነው። በተቃራኒው ዋጋው ወደ 6 ዶላር ወጥቶ ጫማው ሦስት ዓመት ቢያገለግል፣ መዝገቡ ዋጋው በመቶ 50 ጨመረ ይላል፤ የዓመቱ አገልግሎት ዋጋ ግን 2 ዶላር እንደ ሆነ ነው። የክምችቱን ዋጋ እንጂ የፍሰቱን ዋጋ የማያይ መለኪያ በሁለቱም በኩል ይስታል።

ቀመሮችን መፈተን

አንደኛው የዓለም ጦርነት የዋጋን ጥያቄ ከመጽሐፍ ወደ አደባባይ አወጣው። በአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ዋጋ ከ1913 እስከ 1920 በእጥፍ ያህል አደገ። የመርከብ ግንበኞችና ሌሎች ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቁ፣ መንግሥት የውድነቱን ልክ ማወቅ ግድ ሆነበት። በሮያል ሚከር ይመራ የነበረው የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1917 እስከ 1919 በ92 ከተሞች ከ12,000 በላይ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መዘገበ። ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለማገዶና ለቤት ዕቃ የሚወጣው ድርሻ ከዚህ ጥናት ተገኘ፤ የኑሮ ወጪ ጠቋሚውም በዚሁ ላይ ተመሠረተ።

የተመዘገቡትን ዋጋዎች አንድ ቁጥር ለማድረግ የሚያገለግለው ቀመር ግን አንድ አልነበረም። የጀርመኑ ሊቅ ኤትየን ላስፔረስ በ1871 የቀድሞውን ዘመን የግዢ መጠን እንደ ክብደት የሚወስድ ቀመር አቀረበ። ሄርማን ፓሼ ደግሞ በ1874 የአዲሱን ዘመን መጠን የሚወስድ ቀመር አቀረበ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በትንሽ ምሳሌ ይገለጣል። አንድ ቤተሰብ በመነሻው ዓመት 2 ብርድ ልብስ እያንዳንዱን በ20 ዶላር፣ 1 ድስት ደግሞ በ10 ዶላር ገዛ እንበል። በኋላ የብርድ ልብስ ዋጋ ወደ 40 ዶላር ሲወጣ የድስት ዋጋ አልተለወጠም። ቤተሰቡም ብርድ ልብሱን ወደ 1 ዝቅ፣ ድስቱን ወደ 2 ከፍ አደረገ። በላስፔረስ ቀመር የመጀመሪያው ግዢ ያን ጊዜ 50 ዶላር፣ አሁን 90 ዶላር ስለሚያስወጣ ጠቋሚው 180 ይሆናል። በፓሼ ቀመር የኋላው ግዢ በቀድሞው ዋጋ 40 ዶላር፣ በአሁኑ 60 ዶላር ስለሚያስወጣ ጠቋሚው 150 ይሆናል። ገበያው አንድ፣ ቤተሰቡም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ መለኪያ ዋጋ በመቶ 80 ጨመረ ሲል ሌላው በመቶ 50 ይላል።

የላስፔረስ ቀመር ሰው የተወደደውን ዕቃ ቀንሶ ወደ ረከሰው እንደሚዞር አያይም። የፓሼ ቀመር ደግሞ ሰው በውድነቱ ምክንያት የተወውን ነገር ከነጭራሹ እንደማይፈልገው አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ልዩነት በተለይ በከፊል ዘላቂ ዕቃዎች ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም የዳቦ ግዢ ሊዘገይ አይችልም፣ የመጋረጃና የካፖርት ግዢ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ፊሸር በ1922 ባሳተመው የጠቋሚ ቁጥሮች አሠራር መጽሐፍ 134 ቀመሮችን አሰለፈ። ለመፈተኛ የወሰደው በጦርነቱ ዘመን ከ1913 እስከ 1918 የተመዘገበውን የ36 ሸቀጦች ዋጋና መጠን ነው። ካወጣቸው መመዘኛዎች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። የመጀመሪያው የጊዜ መገላበጥ ፈተና ይባላል። አንድ ቀመር ከመጀመሪያው ዓመት ወደ ሁለተኛው ዋጋ በእጥፍ ጨመረ ካለ፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሲለካም በግማሽ ቀነሰ ማለት አለበት። ብዙ ሰው የሚወደው ተራ አማካይ በዚህ ፈተና ወደቀ። የአንዱ ዕቃ ዋጋ ወደ 200 ቢወጣ፣ የሌላው ወደ 50 ቢወርድ፣ አማካዩ 125 ነው። መነሻውን ገልብጦ ሲለካም እንደገና 125 ይመጣል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በሄዱ ቁጥር በመቶ 25 የሚጨምር ዋጋ በዓለም የለም፤ ያለው የተበላሸ መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የዋጋ ጠቋሚው በመጠን ጠቋሚው ሲባዛ የጠቅላላውን ወጪ ለውጥ በትክክል እንዲሰጥ ይጠይቃል። የላስፔረስና የፓሼ ቀመሮች ለየብቻቸው ሁለቱንም ፈተናዎች አላለፉም። የሁለቱ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ፣ ይኸውም ሁለቱ ተባዝተው ስኩዌር ሩታቸው ሲወሰድ የሚገኘው ቁጥር፣ ሁለቱንም አለፈ። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 180 በ150 ተባዝቶ 27,000 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱም ወደ 164.3 ይጠጋል። ቀመሩን ከእሱ አስቀድመው የጠቀሱ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አወዳድሮ ብልጫውን ያስመሰከረ ፊሸር በመሆኑ በስሙ ይጠራል። እሱ ራሱ ፍጹም ቀመር የሚል ስም ሰጥቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ለፈተናው የተመረጡት ሸቀጦች እንደ ስንዴ፣ ሱፍ፣ ቆዳ፣ መዳብና ጥሬ ብረት ያሉ በጅምላ የሚሸጡ ነገሮች ነበሩ። የእነዚህ ደረጃ የታወቀ ነው፤ የዛሬው መዳብ ከትናንቱ መዳብ አይለይም። ቆዳው ጫማ ሲሆን፣ ሱፉም ብርድ ልብስ ሲሆን ግን ደረጃው በነጋዴውና በሰፊው እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ቀመሩ እስከ አሥርዮሽ ነጥብ ሲጣራ፣ ወደ ቀመሩ የገባው የጫማ ዋጋ በመቶ 50 ወይም በመቶ 100 የሳተ ሊሆን ይችላል። የፊሸር ሥራ የመሣሪያውን ስሕተት አስወገደ፤ የናሙናውን ስሕተት ግን ለተከታዮቹ ተወ።

ጠቋሚው በፋብሪካና በገበያ

ፊሸር ያመነበትን በተግባር የሚሞክር ሰው ነበር። ካርዶች በሳጥን ውስጥ ሳይደበቁ ራሳቸው እየታዩ የሚደረደሩበትን የመዝገብ መሣሪያ ፈልስፎ በ1913 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ የሚያመርት ኩባንያም አቋቋመ። በዚህ ኩባንያ የሠራተኞቹ ክፍያ ከኑሮ ወጪ ጠቋሚ ጋር አብሮ እንዲወጣና እንዲወርድ አደረገ። ዋጋ ሲጨምር ሠራተኞቹ የሚጨመርላቸውን በደስታ ተቀበሉ። ጭማሪው ደመወዛቸውን ባለበት ለማቆየት እንጂ ለማሳደግ አለመሆኑ ቢነገራቸውም እንደ ዕድገት ቆጠሩት። ዋጋ ወርዶ ክፍያቸውም በዚያው ልክ ሲቀነስ ግን ተበደልን አሉ። ከዚህ ፊሸር የተማረው ነገር በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ሐሳብ ሆነ። ሰዎች ገንዘብን እንደማይለወጥ ሜትር ይቆጥሩታል፤ በእውነት የሚሳበውና የሚኮማተረው ሜትሩ ራሱ መሆኑን አያስተውሉም።

ከዚያ በፊት በ1920 ዶላርን ለማጽናት የሚያስችል ዕቅድ አቅርቦ ነበር። በዕቅዱ መሠረት የዋጋ ጠቋሚው ከፍ ሲል በዶላር የሚመነዘረው የወርቅ መጠን ይጨመራል፤ ዝቅ ሲል ይቀነሳል። ይህ የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት እንደሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ የሚሠራ ዘዴ ነው። ዕቅዱ ሕግ አልሆነም። ፊሸር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ከ1923 መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ የጅምላ ዋጋ ጠቋሚ እያወጣ ለጋዜጦች ማደል ጀመረ። በ1925 የካርድ ኩባንያው ከሌላ ድርጅት ጋር ሲዋሐድ ፊሸር ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሀብታም ሆነ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ክፍያው ከዋጋ ጠቋሚ ጋር የተያያዘ ቦንድ አወጣ። ሐሳቡ ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በ1780 ለወታደሮቿ የሰጠችው የዕዳ ሰነድ ዋጋ የሚለካው በተወሰነ በቆሎ፣ በበሬ ሥጋ፣ በበግ ሱፍና በጫማ ሶል ቆዳ መጠን ነበር። ከ4ቱ ሁለቱ ለልብስና ለጫማ የሚሆኑ መሆናቸው፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ኑሮ በምግብ ብቻ እንደማይለካ ማወቃቸውን ያሳያል።

የ1929 ውድቀት

ከ1922 እስከ 1929 የጅምላ ዋጋ ጠቋሚ ብዙም አልተናወጠም። ዋጋ ከጸና ኢኮኖሚው ጤናማ ነው ብሎ ያስተማረው ሰው በራሱ መለኪያ ተማመነ። ሀብቱን በአክሲዮን ላይ አዋለ፤ ተበድሮም ጨመረበት። በኦክቶበር 1929 አጋማሽ የአክሲዮን ዋጋ በደረሰበት ከፍታ ጸንቶ እንደሚቆይ በአደባባይ ተናገረ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ገበያው ተደረመሰ። ከቶ የማይደረስበት ይመስል የነበረው ሀብት ጠፋ፤ ዕዳው ብቻ ቀረ። የሚስቱ እህት አበደረችው፤ መኖሪያ ቤቱንም ከማጣት ያዳነው ዬል ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ ስላከራየው ነው።

ጠቋሚው ግን አልዋሸም። የጅምላ ዕቃ ዋጋ ጸንቷል ብሎ ነበር፤ ጸንቶም ነበር። በላዩ ያልተቀመጠው የሕዝቡ ዕዳና የአክሲዮን ዋጋ ነበር። የቀለጠው ፊውዝ ሳይሆን ሜትር ያልተገጠመበት መስመር ነው እንደማለት ነው።

በዚህ ወቅት ፊሸር ያደረገው ነገር የሳይንስ ሰውነቱን ያስመሰክራል። ስሕተቱን ለመሸፈን ሳይሆን ምክንያቱን ለመመርመር ተነሣ። በ1933 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ዕዳና የዋጋ መውደቅ እንዴት እርስ በርስ እንደሚመጋገቡ አስረዳ። ባለዕዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ሲሉ ዕቃቸውን ይሸጣሉ፤ ሽያጩ ዋጋን ይጥላል፤ ዋጋ ሲወድቅ የዶላር ጉልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ ዕዳው በከፊል ቢከፈልም የቀረው ከፊተኛው ይበልጥ ይከብዳል። በእርግጥም በአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ዋጋ ከ1929 እስከ 1933 ሩብ ያህል ወርዶ ነበር። መሐንዲሶች ራሱን እያባባሰ የሚሄድ የንዝረት ዑደት የሚሉትን የሚመስል ነው። በዘመኑ ስሙ ስለ ጎደፈ ብዙ ሰው አልሰማውም፤ ዛሬ ግን ስለ ገንዘብ ቀውስ የሚጽፍ ሁሉ ወደዚህ ጽሑፍ ይመለሳል።

ያልተጠናቀቀው ጥያቄ

ፊሸር በ1935 ከዬል በጡረታ ተገለለ። ሚስቱ በ1940 ሞተች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የከፊል ዘላቂ ዕቃዎች ጥያቄ በግልጽ ብቅ አለ። መንግሥት ዋጋንና ደመወዝን ስለ ወሰነ፣ አምራቾች ርካሹን ሸሚዝና ጫማ ማቅረብ ቀነሱ፤ የሚቀርበውም ጥራቱ ዝቅ አለ። የሠራተኛ ማኅበራት የስታቲስቲክስ ቢሮው የኑሮ ወጪ ጠቋሚ እውነተኛውን ውድነት አይገልጥም ብለው ተቃወሙ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመውና በዌስሊ ሚቸል የተመራው ኮሚቴ ጠቋሚው በመሠረቱ ደኅና መሆኑን፣ ነገር ግን በጥራት መውደቅና በመሰል ምክንያቶች ከእውነቱ ጥቂት ነጥቦች እንደሚያንስ በ1944 አስታወቀ። በ1945 ጠቋሚው የኑሮ ወጪ መባሉ ቀርቶ የፍጆታ ዋጋ ጠቋሚ ተባለ። ስሙ የተለወጠው መሣሪያው ከሚችለው በላይ ተስፋ እንዳይሰጥ ነው።

ፊሸር ኤፕሪል 29 ቀን 1947 በኒው ዮርክ ከተማ በ80 ዓመቱ አረፈ። ሥራው ግን አላረፈም። በ1976 ካናዳዊው ሊቅ ኧርዊን ዲወርት ፍጹሙ ቀመር ሸማቹ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መዞሩን በሚገባ እንደሚያንጸባርቅ በሒሳብ አረጋገጠ። የአሜሪካ መንግሥት በ1996 የአገር ውስጥ ምርትን ዕድገት በፊሸር ቀመር በየዓመቱ እያያያዘ ማስላት ጀመረ፤ በ1997 ደግሞ ከፍጆታ ዋጋ ጋር የሚወጣና የሚወርድ የግምጃ ቤት ቦንድ አወጣ። የ1925ቱ ሙከራ ከ72 ዓመት በኋላ መንግሥታዊ ሆነ ማለት ነው።

የጫማውና የብርድ ልብሱ ጥያቄ እንዲህ በአንድ ቀመር የሚዘጋ አልሆነም። በቤት ኪራይ ረገድ የፊሸርን የአገልግሎት ፍሰት ሐሳብ የተከተሉ አገሮች አሉ፤ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ቢከራይ ሊያወጣ የሚችለው ኪራይ ይገመታል። ልብስና ድስት ግን በብዙ አገር በተገዙበት ቀን ዋጋ ብቻ ይመዘገባሉ። የጥራቱን ለውጥ ለመለየት የልብሱ የጨርቅ ዓይነት፣ ስፌትና ሌላውም ጠባይ ለየብቻው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በስታቲስቲክስ ይሰላል፤ የዋጋ ጭማሪውም ለጥራትና ለውድነት ይከፈላል። በ1996 ማይክል ቦስኪን የመራው የአሜሪካ ኮሚሽን የፍጆታ ዋጋ ጠቋሚው ውድነቱን በዓመት 1.1 ነጥብ ያህል አጋኖ እንደሚያሳይ ገመተ። በ1944 ጠቋሚው ዝቅ አድርጎ ያሳያል የተባለው መሣሪያ በ1996 አጋኖ ያሳያል መባሉ፣ ስሕተቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሌለው ያስረዳል።

ይህ ሁሉ ከመሐንዲስ ሥራ የራቀ አይደለም። በዓለም አቀፍ የውል ደንብ በሚሠሩ የመንገድና የግንባታ ሥራዎች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለ። በዚያ አንቀጽ የሠራተኛ፣ የመሣሪያና የቁሳቁስ ዋጋ ጠቋሚዎች በየድርሻቸው ተባዝተው ይደመሩና ለተቋራጩ የሚከፈለው ገንዘብ ይወሰናል። ድርሻዎቹ በውሉ መጀመሪያ ስለሚወሰኑ ቀመሩ የላስፔረስ ዘመድ ነው። ሥራው ከአፈር ቁፋሮ ወደ አስፋልት ሲሸጋገር ድርሻዎቹ ባሉበት ይቆያሉ። በሰነዱ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ መቼ የተወሰነ ድርሻ እንደሆነ፣ ጠቋሚው ከየትኛው ዕቃ ዋጋ እንደተወሰደ፣ ያ ዕቃም በሥራው ቦታ ከሚውለው ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን መመርመር ይገባዋል።

ፊሸር ለሙያው የተወው ቅርስ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማንኛውም መለኪያ ከመታመኑ በፊት መፈተን እንዳለበትና ለፈተናውም ግልጽ መመዘኛ ማውጣት እንደሚቻል ነው። ይህን በመጽሐፉ አስተማረ። ሁለተኛው፣ የተፈተነ መለኪያም ቢሆን ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ሳይታወቅ ሊመኩበት እንደማይገባ ነው። ይህን ያስተማረው በሕይወቱ ነው። የድስቱ ዋጋ በመዝገብ ላይ ሳይለወጥ ድስቱ የሳሳበት ቤተሰብም፣ በጸናው ጠቋሚ ተማምኖ ሀብቱን ያጣው ፕሮፌሰርም የደረሰባቸው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ የተለካው ግን የሚያስፈልጋቸው ነገር አልነበረም።